ፍትሐዊ ደመወዝ ስንት ነው? የካቶሊክ ማኅበራዊ አስተምህሮ ከማኅበራዊ ሳይንስ ጋር የሚገናኝበት ጠባብ ቦታ

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ በተመረጡ በሁለተኛው ቀን፣ ሜይ 10 ቀን 2025፣ ስማቸውን ለምን እንደመረጡ ለካርዲናሎቹ ነገሯቸው። ሊዮ 13ኛ በ1891 ‹ሬሩም ኖቫሩም› በተሰኘው መልእክታቸው የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ አብዮት ላስነሣው የሠራተኛ ጥያቄ መልስ ሰጥተው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰው ክብር፣ በፍትሕና በሥራ ላይ አዲስ ፈተና ይዞ መጥቷል አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ‹ቤተክርስቲያን ምን ትል ይሆን?› እያለ ይጠይቃል። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ምን ዐውቃ ነው የምትናገረው? የትኛው ሥራ እንደሚጠፋ፣ የማን ገቢ እንደሚቀንስ፣ የትኛው ሕግ ጉዳቱን እንደሚያስታግሥ ወንጌልን በመክፈት ብቻ አይታወቅም፤ ተቆጥሮና ተመርምሮ የሚገኝ ዕውቀት ነው። የቆጠራው ውጤት በበኩሉ ‹ይህ ፍትሐዊ ነው› ሊለን አይችልም። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ጠባብ ነው። በካቶሊኩ የአደባባይ ክርክር ውስጥ የምናየው አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረውም እዚያው ላይ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ልሥራ ሲል ነው።

አስተምህሮው ራሱ ይህን ያውቃል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በዲሴምበር 7 ቀን 1965 ያጸደቀው ‹ጋውዲዩም ኤት ስፔስ› በቁጥር 36 ላይ ምድራዊ ነገሮችና የሰው ማኅበረሰቦች የራሳቸው ሕግ እንዳላቸውና በየሳይንሱ ዘዴ ሊመረመሩ እንደሚገባ ይናገራል። በቁጥር 62 ደግሞ በእረኝነት ሥራ ከነገረ መለኮት ጎን ሥነ ልቡናና ሶሲዮሎጂም እንዲታወቁና እንዲሠራባቸው ይጠይቃል። ጳውሎስ 6ኛ በ1971 ባወጡት ‹ኦክቶጄሲማ አድቬኒየንስ› ነገሩን የበለጠ አጠሩት፤ እያንዳንዱ የሰው ሳይንስ በዘርፉ የሚይዘው ስለ ሰው ከፊል፣ ሆኖም እውነተኛ ገጽታ ነው፤ ሙሉው ሥዕልና ትርጉሙ ግን ያመልጠዋል።

‹ከፊል› እና ‹እውነተኛ› አብረው ነው መነበብ ያለባቸው። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ጥናቱን ይንቃል። ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ደግሞ ጥናቱ ስለ ሰው የያዘውን ግምት ሳያላምጥ ይውጣል። በኦገስት 1984 የእምነት አስተምህሮ ጽሕፈት ቤት የነጻነት ነገረ መለኮት በሚባለው፣ የድሆችን ከጭቆና መላቀቅ ማዕከሉ ባደረገው አስተሳሰብ ላይ ያወጣው መመሪያ የሚያነሣው አንዱ ዋና ስጋት ይኸው ነበር፤ የማርክሲስት ትንታኔን እንደ ገለልተኛ መሣሪያ የተበደረ ሰው የመደብ ትግልን ዓለም አተያይም አብሮ ይበደራል የሚል። ይህ ጥንቃቄ ለአንድ ወገን ብቻ የተሰጠ ተደርጎ መወሰዱ ያሳዝናል። ሰውን የራሱን ጥቅም ብቻ የሚያሰላ ፍጡር አድርጎ የሚነሣ የገበያ ሞዴልም በእኩል ዓይን መታየት አለበት። ሞዴሉ ዋጋን ሊተነብይ ይችላል፤ ስለ እናትነት ወይም ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ፖሊሲ ሲጻፍበት ግን የግምቱ ጉድለት በሰው ሕይወት ላይ ይወድቃል።

ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በጃንዋሪ 1 ቀን 1994 የማኅበራዊ ሳይንስ ጳጳሳዊ አካዳሚን ያቋቋሙት ለዚህ ግንኙነት ቋሚ ቤት ለመስጠት ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፈረንሳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኤድሞን ማሌንቮ ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ አባላት መካከል የኖቤል ተሸላሚው ኬኔት አሮው ይገኙበታል፤ እሳቸው ካቶሊክ አልነበሩም። ለአካዳሚው የሚመረጠው በዕውቀቱ ነውና ይህ ሊያስገርም አይገባም።

በምእመናን ደረጃ የሚታወቀው ዘዴ ደግሞ የቤልጂየሙ ካህን ዮሴፍ ካርዳይን ለወጣት ሠራተኞች ማኅበር ያስተማሩት ‹ማየት፣ መመዘን፣ ማድረግ› ነው። ዮሐንስ 23ኛ በ1961 በ‹ማተር ኤት ማጂስትራ› ቁጥር 236 ላይ ተቀብለውታል። ሦስቱን ደረጃዎች በቃል የማያውቅ የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚሽን አይገኝም። በተግባር ግን ማየቱ አንድ የጋዜጣ ዜና ማንበብ፣ መመዘኑ አንድ ጥቅስ መጥቀስ ሆኖ ይቀርና መግለጫው ይወጣል።

በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል በደመወዝ ጉዳይ እንየው፤ ከ130 ዓመት በላይ የተለፋበት ጥያቄ ነው።

ከውሉ በፊት ያለው ፍትሕ

‹ሬሩም ኖቫሩም› የሚነሣው አሠሪና ሠራተኛ ተስማምተው መፈራረማቸው ብቻውን ደመወዙን ፍትሐዊ አያደርገውም ከሚል ነው። ከውሉ በላይና ከውሉ በፊት የተፈጥሮ ፍትሕ አለ፤ ደመወዙ ቆጣቢና ጨዋ የሆነ ሠራተኛን ሊያኖር ይገባል። ሠራተኛው ተቸግሮ ወይም የባሰ እንዳይመጣ ፈርቶ ከዚያ ያነሰ ቢቀበል ግፍ ተፈጽሞበታል። ፒዮስ 11ኛ በ1931 በ‹ክዋድራጄሲሞ አኖ› ቤተሰቡንም ጨመሩበት።

እስከዚህ መርሕ ነው። ‹ሊያኖር ይገባል› የሚለው ወደ ቁጥር ካልተለወጠ አንድም አሠሪ በእሱ ተጠይቆ አያውቅም። አሜሪካዊው ካህን ጆን ራያን በ1906 ባሳተሙት ጥናት ይህን ሞከሩ። የምግብ፣ የቤት ኪራይና የልብስ ወጪን ደምረው በዘመኑ በየትኛውም የአሜሪካ ከተማ በዓመት ከ600 ዶላር በታች የሚከፈለው የቤተሰብ አባወራ የመኖሪያ ደመወዝ አላገኘም አሉ። በ1913 ደግሞ በሚኒሶታ ለሴቶችና ለወጣት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ የወሰነው ሕግ ሲረቀቅ እጃቸው ነበረበት።

የመኖሪያ ደመወዝን ለማስላት ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የአንከር ዘዴ ከዚያ የረቀቀ ነው። ለተወሰነ ቦታ በቂ ካሎሪና ተመጣጣኝ ንጥረ ነገር ያለው የምግብ ዝርዝር ይወጣና በአካባቢው ገበያ ዋጋ ይተመናል። ቀጥሎ ዝቅተኛውን የጤናማ መኖሪያ መስፈርት የሚያሟላ ቤት ኪራይ ይጨመራል። ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለመጓጓዣና ለልብስ የሚሆነው ከቤተሰብ ወጪ ጥናት በሚገኝ ምጣኔ ይሰላል፤ ጥናቱ የሚያሳየው ድሆች ያወጡትን እንጂ የሚያስፈልጋቸውን ስላልሆነ የጤናና የትምህርቱ ድርሻ ተፈትሾ ይስተካከላል። ላልታሰበ ወጪ 5 በመቶ ይታከላል። ድምሩ በቤተሰቡ ውስጥ ባለው የሠራተኛ ብዛት ይካፈልና ግብርም መዋጮም ይጨመርበታል።

በቁጥር እንሞክረው። ሁለት ወላጆችና ሁለት ልጆች ያሉት ቤተሰብ በወር ለምግብ 40፣ ለቤት 25፣ ለሌላው 30 መለኪያ ያስፈልገዋል እንበል። ድምሩ 95፣ ከ5 በመቶው ጭማሪ ጋር ወደ 100 ይጠጋል። አንድ ሰው ብቻ ከሠራ የእጅ ደመወዙ 100 መሆን አለበት። ዘዴው እንደሚያደርገው በአካባቢው የሥራ ተሳትፎ መሠረት 1.6 ሠራተኛ ቢታሰብ ግን ለአንድ ሰው የሚደርሰው 62.5 ነው። 15 በመቶ ተቀናሽ ካለ የመጀመሪያው ወደ 118፣ ሁለተኛው ወደ 74 ያድጋል። ገበያው፣ ቤተሰቡና የዳቦው ዋጋ ያው ሆኖ ውጤቱ በ44 መለኪያ ተራራቀ።

የተራራቀው በ1.6ቱ ነው። ቁጥሩ ከስታቲስቲክስ የተገኘ ይሁን እንጂ አጠቃቀሙ የሥነ ምግባር ውሳኔ ነው። እናት ከቤት ውጭ የምትሠራው ፈልጋ ነው ወይስ የባሏ ደመወዝ ስላልበቃ? የተሳትፎ መጠኑ ሁለቱን አይለይም። ደመወዝ ዝቅ ባለ ቁጥር ብዙ እናቶች ይሠራሉ፤ ብዙ በሠሩ ቁጥር ማካፈያው ያድጋል፤ ማካፈያው ባደገ ቁጥር ‹በቂ› የተባለው ደመወዝ ይወርዳል። ድህነቱ ራሱን በቂ ነው ብሎ ያስመሰክራል ማለት ነው። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 ‹ላቦሬም ኤክሰርቸንስ› ቁጥር 19 ላይ የቤተሰብ ኃላፊው አንድ ደመወዝ ቤተሰቡን እንዲችል፣ ካልሆነም የቤተሰብ አበልን በመሰለ ማኅበራዊ እርምጃ እንዲደገፍ ሲሉ የነኩት ይህን ነጥብ ነው። አስተምህሮው ከሒሳቡ ጋር የሚገናኘው በማካፈያው ላይ ነው። በዳቦው ዋጋ ላይ የሚለው ነገር የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም።

ሥራው በዚህ አያበቃም። ‹ክዋድራጄሲሞ አኖ› ከቤተሰቡ ፍላጎት ሌላ ሁለት ነገሮች እንዲመዘኑ ያዝዛል፤ የድርጅቱን አቅምና የጋራ ጥቅምን። ከልክ በላይ የተቀነሰ ደመወዝም ከልክ በላይ የተጨመረ ደመወዝም ሥራ አጥነትን እንደሚያመጣ በግልጽ ጽፏል። ደመወዝን በሕግ ከፍ ማድረግ ሥራ ያጠፋል ወይ የሚለው ግን እንደገና የጥናት ጥያቄ ነው፤ ጥናቶቹም አይስማሙም። በ1992 ኒው ጀርዚ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በእሷና ባልጨመረችው ጎረቤት ፔንሲልቬንያ 410 ፈጣን ምግብ ቤቶችን አነጻጽረው በ1994 የሥራ ቅነሳ አላየንም አሉ። ዴቪድ ኑማርክና ዊልያም ዋሸር በደመወዝ መዝገብ ሲመለከቱ ተቃራኒውን አገኘን ብለው መለሱ። አንድ ካቶሊክ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ከሁለቱ የትኛውንም ቢቀበል ከአስተምህሮው አልወጣም። ‹100 የሚያስፈልገው ቤተሰብ ቢራብም ገበያው የሰጠው ይበቃዋል› ያለ ዕለት ነው የሚወጣው።

የሥልጣን ደረጃ

ስለዚህ ከቤተክርስቲያን የሚወጣ ማኅበራዊ ሰነድን የሚያነብ ሰው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር የት ደረጃ ላይ እንደቆመ መጠየቅ አለበት። ‹ሠራተኛ ከሸቀጥ ይበልጣል› መርሕ ነው፤ አይናወጥም። ‹የመደራጀት መብቱ ይጠበቅ› ከመርሑ በቀጥታ ይከተላል። ‹ዝቅተኛው ደመወዝ በዚህ ዓመት ይህን ያህል በመቶ ይጨመር› ግን በመረጃ፣ በግምትና በትንበያ ላይ የቆመ የአስተዋይነት ፍርድ ነው፤ መረጃው ቢሳሳት ፍርዱም ይሳሳታል። የአሜሪካ ጳጳሳት በኖቬምበር 1986 ስለ ኢኮኖሚ ፍትሕ ያወጡት መልእክት ይህን ልዩነት ራሱ በግልጽ ጽፎታል፤ ዝርዝር ምክሮቹ ከመርሖቹ ጋር እኩል የሥነ ምግባር ሥልጣን የላቸውም ብሏል። ከዚያም በፊት በ1984፣ በ1985ና በ1986 ሦስት ረቂቆች ለሕዝብ ቀርበው ባለሙያዎች፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች ተችተዋቸዋል። አድካሚ አካሄድ ነው፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ይህ ነው። ፍራንችስኮስም በ2015 በ‹ላውዳቶ ሲ› ቁጥር 61 ላይ በብዙ ዝርዝር ጉዳዮች ቤተክርስቲያን የመጨረሻውን ቃል የምትናገርበት ምክንያት እንደሌላት፣ በባለሙያዎች መካከል ሐቀኛ ክርክር እንዲኖር ማበረታታት እንዳለባት ጽፈዋል።

ደረጃዎቹ ሲቀላቀሉ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው። ዝርዝሩን እንደ ዶግማ ያቀረበ ሰው ዝርዝሩ ሲከሽፍ መርሑንም ያስንቃል። መርሑን ‹አንድ አስተያየት ነው› ያለ ደግሞ ለደካማው የተሠራውን አጥር ያፈርሳል። ካህናት መንግሥታዊ ሥልጣን ያለበትን ሹመት እንዳይዙ የ1983ቱ የቀኖና ሕግ በቁጥር 285 የሚከለክልበት አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ከመንበረ ታቦቱ የተነገረ የበጀት ሐሳብ መከራከሪያ መሆኑ ይቀርና ትእዛዝ ይመስላል። በፓርላማው፣ በማኅበሩና በምርምር ተቋሙ ውስጥ በራሱ ኃላፊነት ሊሳሳትም ሊታረምም የሚችለው ምእመኑ ነው።

ከመርሖቹ ሁሉ በአደባባይ በብዛት የሚዛባው ሰብሲዲያሪቲ ነው። የበላዩ አካል ታችኛው ሊሠራው የሚችለውን አይንጠቅ የሚል ስለሆነ ‹መንግሥት እጁን ይሰብስብ› ተብሎ ይተረጎማል። ቃሉ የመጣው ግን ‹ድጋፍ› ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ አለመንጠቅና መደገፍ አንድ ግዴታ ናቸው። ሊፈትሹት ለሚፈልጉ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ሥራው የማን ነው? ምን ጎደለው፤ ገንዘብ፣ ሥልጣን ወይስ ዕውቀት? የጎደለውን ብቻ መሙላት ይቻላል? የበላዩ ራሱ መሥራት ካለበትስ መቼ ይመልሳል? የዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ መልእክት ‹ቼንቴሲሙስ አኑስ› በ1991 በቁጥር 48 የመንግሥት ጣልቃ ገብነት አስፈላጊ ሲሆን በተቻለ መጠን አጭር ይሁን ያለው ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ነው። የመመለሻ ቀን የሌለው ፕሮግራም መርሑን ጥሷል፤ ሳይደግፍ ‹ራሳችሁን ቻሉ› ያለ በጀትም እንዲሁ።

ቤተክርስቲያን ራሷ ስትመረመር

ሌላውን የሚመረምር ዘዴ ወደ ራስ ሲዞር ያማል። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆኑት ሶሲዮሎጂስት ጆሴፍ ፊክተር በኒው ኦርሊንስ አንድ ቁምስና አጥንተው በ1951 የመጀመሪያውን ቅጽ አሳተሙ። ቆሞሱ ተቃወሙ፤ ከታቀዱት 4 ቅጾች የቀሩት 3ቱ ሳይታተሙ ቀሩ። ምእመኑ ምን ያህል እንደሚያስቀድስና እንደሚያምን የሚናገር ሠንጠረዥ ያን ያህል አስፈራ።

ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ካህናት በሕፃናት ላይ የፈጸሙት ወሲባዊ ጥቃት ሲጋለጥ ግን ቁጥሩ ግድ ሆነ። የአሜሪካ ጳጳሳት ለጆን ጄይ ኮሌጅ የሰጡት ጥናት በ2004 ሲወጣ ከ1950 እስከ 2002 ድረስ 4,392 ካህናት መከሰሳቸውን አሳየ፤ በዘመኑ ካገለገሉት 4 በመቶ ገደማ መሆናቸው ነው። ከሳሾቹ 10,667 ነበሩ። መረጃው የተወሰደው ከሀገረ ስብከቶች መዝገብ ነው፤ አቤት ያላለ ተጎጂ እዚያ ውስጥ የለም። በፈረንሳይ በዣን ማርክ ሶቬ የተመራው ኮሚሽን በኦክቶበር 2021 ሌላ መንገድ ጨመረ፤ ወደ 28,000 አዋቂዎችን በመጠይቅ አግኝቶ ከ1950 ወዲህ በካህናትና በገዳማውያን የተጎዱት 216,000 ገደማ ናቸው ሲል ገመተ።

የፈረንሳይ ካቶሊክ አካዳሚ አባላት የሆኑ ጥቂት ምሁራን ዘዴውን ነቀፉ፤ የቴክኒክ ክርክራቸው ሊሰማ የሚገባው ነው። አዋቂው ሕዝብ 50 ሚሊዮን ያህል ነው ብንል አንድ መላሽ ወደ 1,800 ሰው ይወክላል፤ 216,000 የሚለው ግምትም መቶን ጥቂት በሚያልፉ መልሶች ላይ ቆሟል ማለት ነው። 20 ሰው ጥያቄውን በስሕተት ቢረዳው ግምቱ በ36,000 ይዛነፋል። መላሾቹ በዕጣ የተመረጡ ሳይሆኑ በኮታ ከተዘጋጀ የኢንተርኔት ቡድን የመጡ መሆናቸውም ጥርጣሬውን ያሰፋዋል። ይሁንና ስሕተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ጉዳት ለመናገር የሚያፍርም አለና። ግማሹ ቢቀነስ እንኳ የሚቀረው ከመዝገብ ከተገኘው እጅግ ይበልጣል። ጳጳሳቱ በኖቬምበር 2021 ሉርድ ላይ ተሰብስበው የተቋሙን ኃላፊነት ሲቀበሉ የቁጥሩን ክርክር ማብቂያ አልጠበቁም፤ ትክክልም ነበሩ። ለተጎጂው መልስ ለመስጠት አስተማማኝ አሃዝ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የክፍያ በጀትና የክትትል መዋቅር ለማቀድ ግን አሃዙ ያስፈልጋል።

ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ እንመለስ። በ2013 ካርል ፍሬይና ማይክል ኦስቦርን ከአሜሪካ ሥራ 47 በመቶው ለአውቶሜሽን በከፍተኛ ደረጃ የተጋለጠ ነው አሉ። በ2016 ለኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የተሠራ ጥናት 9 በመቶ ብቻ ነው አለ። ልዩነቱ የመጣው ከመለኪያው ነው፤ የመጀመሪያው ሙያን በሙሉ ሲመድብ ሁለተኛው በሙያው ውስጥ ያሉትን ተግባራት ለየብቻ ቆጠረ። 47ቱን ይዞ ‹ግማሹ ሕዝብ ሥራ አጥ ሊሆን ነው› ብሎ የሚሰብክ፣ 9ኙን ይዞ ‹አትጨነቁ› የሚል፣ ሁለቱም ምዘናውን ዘለውታል።

ለአስተምህሮው ይበልጥ የሚቀርበው ጥያቄ ሥራው ከቀረ በኋላ ምን እንደሚሆን ሳይሆን ሥራው እያለ ምን እንደሚሆን ነው። በጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ሁለት የቫቲካን ጽሕፈት ቤቶች ያወጡት ‹አንቲኳ ኤት ኖቫ› ቴክኖሎጂው ሠራተኛን ክህሎቱን ሊያሳጣው፣ በማሽን ክትትል ሥር ሊያውለውና ወደ ግትርና ተደጋጋሚ ተግባር ሊያወርደው እንደሚችል ያነሣል። ይህ በሥራ አጥነት መጠን ውስጥ አይታይም። የመጋዘን ሠራተኛው ተቀጥሯል፣ ይከፈለዋል፣ በስታቲስቲክሱ ደኅና ነው፤ በሰዓት ስንት ዕቃ እንደሚያነሣ የሚወስነው ግን ሊያናግረው የማይችል ሥርዓት ነው።

‹ላቦሬም ኤክሰርቸንስ› በቁጥር 17 ያስቀመጠው ‹ቀጥተኛ ያልሆነ አሠሪ› የሚለው ሐሳብ ለዚህ ከተሠሩት መሣሪያዎች ሁሉ የተሻለው ይመስለናል። ደመወዝ ባይከፍልም የሥራውን ሁኔታ የሚወስን ማንኛውም ተቋም የኃላፊነቱ ድርሻ አለበት ይላል። ሐሳቡ በ1981 ስለ መንግሥታትና ስለ ዓለም አቀፍ ንግድ የተጻፈ ነው፤ ፍጥነቱን የሚተምነውን ሶፍትዌር ለሚሸጥ ኩባንያም ያለ ችግር ይሠራል። ሊመረመር እንዲችል ግን ሦስት ነገር መሰብሰብ አለበት፤ የፍጥነቱን ልክ ማን እንደወሰነውና በምን መረጃ፣ በዚያ ፍጥነት የሠሩት ሰዎች የጉዳትና የመልቀቅ መጠን ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር፣ እንዲሁም ሠራተኛው ውሳኔውን ይግባኝ የሚልለት፣ ስም ያለው ሰው መኖር አለመኖሩ። ሦስተኛው ለመሰብሰብ ቀላል ነው፤ አዎ ወይም የለም ነው መልሱ።